የሌለብኝ የሳንባ በሽታ

ይድረስ ከእናቴ እኩል ላሳደገችኝ ታላቅ እህቴ። እትዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? የአባዬ ጉልበትስ፣ የእማዬ ዓይንስ? እኔ ደህና ነኝ። ለደብዳቤ ወግ ያህል አይደለም፤ የእውነት ደህና ነኝ። መጠጥ ከተውኩ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነኝ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ትንሿ እህታችን ሚጣ ልታገባ መሆኑን ሳነብ ብቻዬን እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ታች ስወርድ ግን ሌላ ነገር አነበብኩ። የሙሽራው ቤተሰቦች፣ ወንድሟ ሠርጉ ላይ ከተገኘ ሳንባው መዳኑን የሚገልጽ የሐኪም ወረቀት ያምጣ ብለዋል አልሽኝ። እሷንም ራጅ አስነሷት አልሽ። ልሳቅ ወይስ ላልቅስ?

ለመሆኑ እኔ ሳንባዬን የታመምኩት መቼ ነው? ማገገሚያ የገባሁ ጊዜ እማዬ ለጎረቤት ሳንባውን ነው ያለችው፣ ከሰካራም እናት የበሽተኛ እናት መባል ይሻላል ብላ ነው። እናንተም አጸናችሁላት። ከዚያ ወጥቼ ቤት የሰነበትኩባትን ሳምንት ታስታውሻለሽ? ስሰክር ካለ እኔ ድግስ አይደምቅም ይሉ የነበሩት ሰዎች፣ ስድን ብርጭቆዬን ለብቻ አደረጉት። እናንተም ዝም፣ እኔም ዝም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኔ መድኃኒቱን አገኘሁ፣ በሽታውን የደበቃችሁት እናንተ ናችሁ።

እዚህ እንጨት ሥራ ቤት ስቀጠር ለአለቃዬ በመጀመሪያው ቀን ሁሉንም ነገርኩት። እጄን ትክ ብሎ አየና፣ እስኪጸና ድረስ መጋዙ አጠገብ ዝር እንዳትል አለኝ። ዓመት ሙሉ በብርጭቆ ወረቀት ወንበር ሳለሰልስ ከረምኩ። ባለፈው ሰኞ መጋዙን ለቀቀልኝ። እትዬ፣ ባዕድ ሰው አመነኝ፤ የገዛ ቤቴ ግን ያፍርብኛል። ብናኙ እያሳለኝ ስለሆነ፣ ትንሽ ብትታገሡ የተመኛችሁልኝ በሽታ ሳይመጣ አይቀርም።

ቂም ይዣለሁ፤ አልዋሽሽም። የማገገሚያው ወረቀት ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ፤ መጠጥ የሚለውን ቃል በግልጽ ጽፈውበታል። ሌላ ወረቀት ለምኜ አላመጣም። አንዴ መዋሸት ከጀመርኩ ማቆሚያዬ ጠርሙሱ ጋ እንደሆነ አውቀዋለሁ። ይህንን አሳይታችኋቸው ይምጣ ካሉ እመጣለሁ። ካልደፈራችሁ ሚጣ ያለ እኔ ትዳር።

የአባዬን ጉልበት ሳሚልኝ። እማዬን፣ ተቀይሜሻለሁ ግን ናፍቀሽኛል በዪልኝ። ባልሽን ሰላም በዪልኝ፤ ልጆችሽን ጉንጫቸውን እያገላበጥሽ ሳሚልኝ። ሚጣን እቅፍ አድርጊልኝ። ለሙሽራው ደግሞ፣ መልኩን ባላውቀውም፣ የሚስትህ ወንድም ሰካራም ነበር፣ ሳንባው ጤነኛ ነው፣ ሰላም ብሎሃል በዪልኝ። ከሰላምታው ላይ አንድም ቃል እንዳትቀንሺ።

ወንድምሽ
ከእንጨት ሥራ ቤቱ ጀርባ፣ ከኪራይ ክፍሌ
እሑድ፣ የካቲት ፯ ቀን