ለቅሶ የመሰለ ጩኸት

ሐምሌ 26፣ ሰኞ፣ ከቀኑ 9 ሰ.

የልምምዱ ሦስተኛ ቀን። የእጄ አንጓ አብጧል። መርፌ መያዝ አቃተኝ፤ የሰው ቀሚስ ከነልኩ ማሽኑ ላይ ተቀምጧል።

መ/ር መኮንን ጡረታ የወጡ የስፖርት አስተማሪ ናቸው። እኔንና ልጄን ጨምሮ አሥራ አንድ የሰፈር ሴቶችን እግቢያቸው ያሠለጥናሉ። የዛሬው፦ እጅሽን ሲይዙሽ ወደ ኋላ አትጎትቺ፤ በያዡ አውራ ጣት በኩል ጠምዝዘሽ አውጪ፣ ከዚያ ሩጪ። ሩጪ የምትለዋን ሦስቴ ደጋገሟት።

ልጄ ሰብለ ከሁላችን በለጠች። ገና አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። በያዝኳት ቁጥር ታመልጠኛለች። ሴቶቹ አጨበጨቡ። እኔ ግን አላጨበጨብኩም። ደብተሬ፣ ላንተ ብቻ፦ ራሴን መጠበቅ እችላለሁ ብላ እዚሁ እንዳትቀርብኝ ፈራሁ። ጦርነቱ ወደ ወልድያ እየቀረበ ነው። ከወልድያ እኛ ያለንበት መርሳ ስንት መንገድ ነው? ኮምቦልቻ እህቴ ዘንድ ልልካት እፈልጋለሁ። አንቺን ጥዬ አልሄድም ትላለች።

ሐምሌ 28፣ ረቡዕ

ዛሬ መጮህ ተማርን። አፈርን። ጎረቤቴ እትዬ ዘሃራ፣ የሁላችን ታላቅ፣ ሻርፓቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«ሰው ሳይሞት እንዴት ብዬ ልጩህ፣ መምህር?»

ሳቅን። ሰብለ ቀድማ ጮኸች። ከሆዷ፣ እንደተባለችው። እኛም ተከተልን።

ወዲያው በሩ ተከፈተ። ጎረቤቶቻችን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። አንዷ ደረቷን እየመታች ነበር። ቀብሩ መቼ ነው ብለው ጠየቁ። ከኋላ እማማ ጥሩነሽ፣ ልጃቸው የዘመተባቸው፣ በባዶ እግራቸው።

«የኔ ነው? ንገሩኝ፣ የኔ ነው?»

ልምምድ ነው ብንላቸው አላመኑም። ማጽናኛ መሰላቸው። ሰብለ እግራቸው ላይ ወደቀች። ማን እንደሚያለቅስ፣ ማን ይቅርታ እንደሚጠይቅ አይለይም ነበር።

አሁን እቤቴ ነኝ። አንድ ነገር አልወጣልኝ አለ። ያ ሁሉ ሰው መጣ፤ ዱላ የያዘ አንድም የለም። ድሮ ኡኡ ሲባል ጎረቤት ዱላውን ይዞ ይወጣ ነበር። ዘንድሮ ጆሯችን መርዶ ብቻ ይሰማል።

ሐምሌ 30፣ ዓርብ

መ/ር መኮንን ለቅሶ እንዳይመስል ፊሽካ እንግዛ አሉ። ተከራከርን። ፊሽካ ሲሰሙ ወንዶቹ ዱላ ይዘው ይወጣሉ፤ ጠመንጃ ደግሞ ዱላ አይጠብቅም። ባሎቻችንን ልናስገድል ነው?

እትዬ ዘሃራ ተናገሩ።

«ለቅሶ መስሏቸው ከመጡ፣ እኛም ለቅሶ መስለን እንሂድ። ወላሂ፣ ለቅሶ ለሚደርስ ሴት ማን በር ይዘጋል?»

ተስማማን። ጩኸት የሰማች ሁሉ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ጎረቤቷን እየጠራች ትወጣለች። በአንድ ላይ ቤቱን መሙላት። መቀመጥ። በጉልበት የገባው ሰውዬ እስኪወጣ አለመነሣት። መ/ር መኮንን ይህን ያህል ዘመን ሳስተምር አላሰብኩትም አሉ።

ስንበተን ግን ለብቻዬ ጠሩኝ። ይህ ሁሉ እቤት ለተገኘች ነው፣ ዋናው አለመገኘት ነው አሉኝ። ልጅቷን አሽሺ።

ነሐሴ 1፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 7 ሰ.

ፆሙ ገባ። ከሰሜን በኩል የከባድ መሣሪያ ድምፅ። ሚኒባሶች ፍራሽ ጭነው ወደ ደሴና ኮምቦልቻ ይሄዳሉ። አንዱን ሾፌር ያዝኩት። ነገ ጠዋት፣ ቦታ አለ አለኝ።

ለሰብለ ነገርኳት። ታለቅሳለች ብዬ ነበር። አላለቀሰችም።

«እዚያ ብጮህ ማን ያውቀኛል?»

እህቴ የምትኖረው በኪራይ ነው። ከየአገሩ የመጣ ሰው፣ የተዘጋ የብረት በር። የአክስቷ ጎረቤቶች የሰብለን ድምፅ ሰምተው አያውቁም።

12 ሰ.

ወስኛለሁ። አብሬያት እሄዳለሁ። ቤት ለቤት ይዣት እዞራለሁ፤ ይቺ ልጄ ናት፣ ድምፅዋን ለዩልኝ እላለሁ። ከዚያ እመለሳለሁ። መንገዱ ክፍት ከሆነ።

ለእትዬ ዘሃራ ሄጄ ነገርኳቸው። አልተቆጡም። ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ።

«ዘጠኝ ቀረን ማለት ነው። ሂጂ ልጄ፣ አላህ ያግዝሽ።»

እመለሳለሁ አልኳቸው። መቼ ብለው አልጠየቁኝም።