በአሮጌው ብልቃጥ

ጥር 6
ፋርማሲው ዛሬም ግርግር። ባለከዘራው ሽማግሌ መጡ። «የኔ ልጅ፣ የድሮውን ፋብሪካ ክኒን ስጪኝ፤ ይሄኛው አይስማማኝም።» «አባባ፣ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ የተለየው ሣጥኑ ነው። ሣጥኑን አይውጡትም!» አልኳቸው። ወረፋው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።
የታላቅ እህቴ የእትዬ የደም ግፊት ክኒንም የድሮው ጠፍቷል። አዲሱን ወሰድኩላት። አዲስ ሣጥን ካየች ደግሞ ጭቅጭቅ ነው... አሮጌው ብልቃጥ ውስጥ ገለበጥኩት። ያም ነጭ፣ ይሄም ነጭ። ተገላገልኩ።

ጥር 7
እትዬ ክኒኗን በዋጠች በሩብ ሰዓት ከንፈሯ አበጠ። ታክሲ ውስጥ ትንፋሽ አጠራት። ሆስፒታል በመርፌ ተረፈች። ሐኪሙ ብልቃጡን አገላብጦ አየው። «ይሄን ስንት ዓመት ወሰዱ?» «ስድስት» አለች እትዬ። «እንግዲያው ከምግብ ነው። ክኒኑን እንዳያቋርጡ።»
ብልቃጡን ተቀብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። መድኃኒቱ አንድ ነው ብዬ ነው ዝም ያልኩት? ወይስ ፈርቼ?

ጥር 9
ደገማት። ክኒኑን ያቀበልኳት በገዛ እጄ ነው።

ጥር 10
ሐኪሙን ኮሪደር ላይ ያዝኩት። «ብልቃጡ የድሮው ነው፤ ክኒኑ አይደለም።» አልጮኸብኝም። ቢጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። «ሣጥኑን አምጪ» አለ ብቻ።
ሮጬ አመጣሁ። ውስጡ ያለውን የመግለጫ ወረቀት ዘረጋን። ከግርጌ፣ በደቃቅ ፊደል... የክኒኑ ሽፋን ውስጥ አንድ ነገር አለ። በሽታ የማያድን፣ ክኒኑን ለማለስለስ ብቻ የገባ። በድሮው ውስጥ የለም። አምና እትዬ ለሆድ ምርመራ በጥብጣ በጠጣችው የአንጀት ማጽጃ ዱቄት ውስጥ ግን ነበር። ያኔም ፊቷ አብጦ ነበር። «ፍርሃት ነው፣ እትዬ» ያልኳት እኔው ነኝ።

ጥር 12
ነገርኳት። «ጭቅጭቄን ፈርተሽ ነው?» አዎ አልኩ። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። አፈርኩ።

የካቲት 2
የእትዬ የአለርጂ ምርመራ ውጤት መጣ፤ ያው ሽፋኑ ነው።
ባለከዘራው መጡ። «አባባ፣ ይሄኛው ምን ያደርግዎታል?» እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ክንዳቸው በሙሉ ሽፍታ። «ጠይቀሽኝ አታውቂም እኮ» አሉ።
ከሥራ ስወጣ ለእትዬ ሽፋን የሌለውን ክኒን ከነሣጥኑ ይዤላት ሄድኩ። ድሮ የሰጠኋትን ሳታይ ነበር የምትውጠው። ዛሬ መነጽሯን አደረገች። ወረቀቱን ዘርግታ፣ በጣቷ እየተከተለች እስከ ግርጌ አነበበች። ውሃውን ይዤ ቆሜያለሁ።
ስትጨርስ እንደገና ከላይ ጀመረች።