ያልከፈትኩት በር

ጥር 4
ዛሬ በፀጉር ቤቴ ሰባት ራስ ብቻ ቆረጥኩ። ሁለቱማ ጢም ናቸው፣ ራስ አይባሉም።
ከሰዓት ነርሷ መጣች። ጡረታ ከወጣች ወዲህ በሽተኛ ስላጣች ሰፈሩን ልታክም ተነሳች እያሉ ይቀልዱባታል። በእጇ ወረቀት ይዛለች፤ ከላይ በእኛ ቋንቋ፣ ከሥሩ ደግሞ በታች ሰፈር ሰዎች ቋንቋ። "ኑ እንጫወት፣ ኑ እንነጋገር። እሁድ እሁድ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ።"
"መስታወትህ ላይ ልለጥፈው?"
"ለጥፊው።"
ለጠፈችና ቆማ አየችኝ። "አንተስ ትመጣለህ?"
"ሥራ አለብኝ እህቴ።"
"እሁድ?"
መቀሴን መጥረግ ጀመርኩ።
ከሄደች በኋላ የታችኛውን ጽሑፍ አነበብኩት። አንድም ቃል አልጠፋኝም። ያን ቋንቋ ያስተማረኝ መዶሻ የምንለው ጓደኛዬ ነው። ከተኳረፍን ሦስት ዓመት ሆነን፤ ቋንቋው ግን አብሮ አላኮረፈም።

ጥር 6
መዶሻ ያልነው ጫማ ሰሪ ስለሆነ ነው። የታች ሰፈር ሰው። ሱቃችን ግድግዳ ለግድግዳ ነበር፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት። እሱ ሲቀጠቅጥ የእኔ መስታወት ይንቀጠቀጣል። ደንበኛ "እንዴት ቻልከው?" ሲለኝ "እኔስ ዝም ሲል ነው የምደነግጠው" እል ነበር።
አሁን እዚያ ሱቅ ውስጥ የስልክ ልባስ ይሸጣል። ኮሽታ የለም። ቀኑ አይመሽልኝም።

ጥር 10
መዶሻን መንገድ ሲሻገር አየሁት። ሸብቷል። ማን ይሆን የሚቆርጠው? ከጆሮው በላይ ያለውን አበላሽቶታል።

ጥር 12
አዳራሹ ሄድኩ። ባለቤቴ ናት ያስወጣችኝ። "ከመስታወት ጋር ከምታወራ ከሰው ጋር አውራ" ብላ።
ወንበሮቹ ክብ ተደርድረዋል። የሰፈሩ ኮሚቴ ሊቀመንበር ማይክ ጨብጦ አልለቅ አለ። ሠላሳ ሰው ባለበት ክፍል ማይክ! "ልዩነታችን ውበታችን..." ሲል ነርሷ ከእጁ ወስዳ አስቀመጠችው።
ከዚያ የታች ሰፈር ሴቶች ልጅ የሚያስተኙበትን እሹሩሩ ዘፈኑ። የእኛዎቹ ተያዩ። ቃሉ ሌላ ነው፣ ዜማው ግን ያው የእኛው!
ከእኛዎቹ አንዷ "ሰርቃችሁን ነዋ!" አለች።
የታች ሰፈሯ አሮጊት ምን ብትል ጥሩ ነው? "ልጆቻችሁ አልተኛ ሲሉ አበደርናችሁ እንጂ!"
አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ... ቀና ስል መዶሻ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ቀድሜ ያቀረቀርኩት እኔ ነኝ።

ጥር 15
በቃ ይጻፍ። ማን ሊያነበው?
የዛሬ ሦስት ዓመት የላይና የታች ሰፈር ሰው ገበያ ላይ ተጣላ። ከምን እንደተነሳ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። የእኛ ሰፈር ጎረምሶች ዱላ ይዘው ያንን ቋንቋ የሚናገረውን ሁሉ ማሳደድ ጀመሩ። ሱቄን ከውስጥ ቆለፍኩ። በሩ ተንኳኳ።
"ክፈትልኝ፣ እኔ ነኝ።"
ድምፁን እንዴት አጣዋለሁ? ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ሦስት ጊዜ አንኳኳ። ከዚያ የእግሩ ኮቴ ራቀ።
ቀኝ ክንዱን ሰበሩት። የሚቀጠቅጥበትን።
ሆስፒታል ሄጄ "ያን ቀን ቤት ነበርኩ" አልኩት። "እሺ" አለኝ። ሱቁን ለቅቆ ታች ሰፈር ገባ።

ጥር 19
ዛሬ ነርሷ ደንብ አወጣች። አንዱ ሲናገር ማንም አያቋርጥም። "እናንተ" ማለት ክልክል፤ ሁሉም "እኔ" ብሎ ይጀምር።
አትክልት ሻጯ ተነሳች። ያን ቀን የጎረቤቷ ቤት ሲዘረፍ በመስኮት ቆማ አይታለች። "እኔ ዝም አልኩ" ብላ ማልቀስ ጀመረች። ማንም አልሰደባትም። ጎረቤቷ እዚያው ነበረች፤ ውሃ አቀበለቻት።
እኔ ከወንበሬ አልተነሳሁም። መዶሻ ዛሬ አልመጣም። ባለመምጣቱ ደስ አለኝ። ደስ መሰኘቴ ደግሞ ራሴን አስጠላኝ።

ጥር 22
ምሳ ላይ ለባለቤቴ ነገርኳት። ጉርሻዋን አስቀመጠች።
"ሦስት ዓመት ሙሉ? እኔን 'ጓደኛህ ምን አስቀይመኸው ነው የቀረው' ስልህ 'እኔ እንጃ' እያልክ?"
ተነስታ ወጣች። አመሻሽ ላይ ተመለሰች፤ አልተቆጣችም፣ አላባበለችኝም።
"ለእኔ ብትነግረኝ ምን ላድርግህ? ባለ ጉዳዩ እሱ ነው።"

ጥር 26
መዶሻ መጥቶ ነበር። ተነሳሁ። የወንበሩን መደገፊያ ያዝኩ። አፌን ስከፍት የወጣው የእሱ ቋንቋ ነው። ለምን እንደሆነ አላውቅም።
"እኔ ያን ቀን ሱቅ ውስጥ ነበርኩ። ሲያንኳኳ ሰማሁ። እሱ መሆኑን አውቄያለሁ። ፈራሁ፣ አልከፈትኩም። ከዚያም ዋሸሁት።"
ሳልሳሳት አልቀርም፣ ግን ማንም አልሳቀም። ሊቀመንበሩ እንኳ ማይኩን አላነሳም።
መዶሻ ከወንበሩ ተነሳ። ከዚያ በእኔ ቋንቋ መለሰልኝ።
"ሬድዮ ከፍተህ ነበር። ሳንኳኳ አጠፋኸው።"
እውነቱን ነው። እዚህ ደብተር ላይ እንኳ ያንን ዘልዬዋለሁ...
"ስታጠፋው ሰምቻለሁ" አለ። "መኖርህን አውቅ ነበር። ክንዴን የሰበሩትን መልካቸውን ረስቻለሁ። አንተን ግን አልረሳሁም። ሦስት ዓመት የጠበቅኩት ይችን ነው።"
"ይቅር በለኝ።"
"እሱን እንጃ። እኔ ግን ያንተን በር ሁለተኛ አላንኳኳም።"
ወጣ። ነርሷ ትከሻዬን ያዘችኝ። መቀመጤን አላስታውስም።

የካቲት 1
ሁለት ደንበኞች ቀሩብኝ። "በእነሱ ቋንቋ ተናዘዘ" እያሉ ነው አሉ። ይቅሩ።
ግን ምን ማለቱ ነበር? አላንኳኳም ማለቱ... አንተ አንኳኳ ማለቱ ይሆን? ወይስ እኔ እንዲያ እንዲሆንልኝ ፈልጌ ነው?

የካቲት 4
ታች ሰፈር ወረድኩ። ጠይቄ ቤቱን አገኘሁት። አንኳኳሁ።
"ማነው?"
"እኔ ነኝ።"
ቆምኩ። ጎረቤቱ ልብስ እያሰጣች ታየኛለች። "ቤት አለ እኮ" አለችኝ።
"አውቃለሁ እናቴ።"
ውጭ ሆኖ መጠበቅ እንዲህ ነው ለካ። እኔን ደግሞ የሚያሳድደኝ የለም። እሱ ያን ቀን ኮቴ ከኋላው እየሰማ ነበር የቆመው።
አልከፈተም። ተመለስኩ።

የካቲት 5
"እንደገና ትሄዳለህ?" አለችኝ ባለቤቴ።
"እሄዳለሁ።"
"አሁንም ባይከፍትስ?"
"መብቱ ነው።"

የካቲት 11
ከፈተ። ግባም አላለኝ፣ ሂድም አላለኝ። በሩን እንደተከፈተ ትቶት ወደ ሥራው ተመለሰ። ገባሁ።
አሁን ቤቱ ውስጥ ነው የሚሠራው። በግራ እጁ መቀጥቀጥ ለምዷል፤ ቀኙ ጫማውን ይይዛል፣ አይታጠፍም። አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጬ አየሁት። ሁለት ሶል ጨረሰ።
ከዚያ ቀና ሳይል "ልጄ አገባች" አለኝ።
"መቼ?"
"አምና።"
እኔ እኮ ነኝ ፀጉር መጎንጎን ያስተማርኳት... ጥርሷ ሳይበቅል ትከሻዬ ላይ እየተኛች ያደገች ልጅ። አግብታለች። አልሰማሁም።
"ፎቶ አለ?" አልኩት።
መዶሻውን አስቀመጠ። እጁን ታጠበ። አልበሙን ጉልበቴ ላይ አኖረው። ይኼ አማቼ፣ ይቺ የአማቼ እናት፣ ይኼ ሲጨፍር የወደቀው ወንድሜ... እያለ አንድ በአንድ ገለጠልኝ። የሌለሁበትን ቀን ሁሉ አየሁት። አልቅሼ ይሆናል። እሱ ገጹን መግለጥ አላቆመም።
ስለ ይቅርታው ምንም አላለኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።
ስነሳ እስከ ደጅ ሸኘኝ። "እሁድ ቀድመህ ከደረስክ ቦታ ያዝልኝ" አለኝ።
ዳገቱን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም።