የእማዬ ፈትልና ያንተ ጉድጓድ

ይድረስ ለወንድሜ ለዓምሃ ጉልላት፣
አሰብ።

ለመሆኑ እንደምን ከርመሃል? ሙቀቱስ እንዴት አድርጎሃል? ባለቤትህ ሠርካዲስስ፣ ልጅህ ማሚቴስ ደህና ናቸው? የዚያ አገር ውኃ ጨው ጨው ይላል እያልክ ትጽፍ ነበር፤ አሁንስ ለመድከው? እኔ እህትህ ታየች፣ ጉንፋኑ አልለቅ ቢለኝም፣ ዓይኔም ቢደክም፣ የፈጠረኝ ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ዘንድሮ አጥንት ይሰብራል።

ደብዳቤህን የአሰብ መስመር ሾፌሩ ጌቱ አድርሶልኛል። ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፈሃል፤ ስለ እማዬ ሞት ያልከው ግን ሁለት መስመር ነው። የቀረው ሁሉ የሸማ መሥሪያህ ነገር ነው። የአባባ ጉድጓድ እንዳይነካ፣ ቦታዬን ለማንም እንዳትሰጪ፣ ያቺ ሳቢት የምትባል ሴት ዕቃ እንዳታስቀምጥበት ብለሃል። ሰባት ዓመት ያልረገጥከውን ቤት አሰብ ቁጭ ብለህ ታደራጃለህ። በሩቁ ማዘዝ ምን ይከብዳል!

እስቲ ቤቱ ምን እንደሚመስል ልንገርህ። አንተ ስትሄድ ሁለት ክፍል ነበረን። ቀበሌ አንዱን ለሌላ ሰው ሰጠና በቀረችን አንዲት ክፍል ላይ ደግሞ ሳቢትን ከነሁለት ልጆቿ ጨመረብን። ያመጣት የኮሚቴው ጓድ መሸሻ ነው። እናንተ ፈታዮች፣ እሷ ስፌት ሰፊ፣ ሁላችሁም የእጅ ባለሙያ ናችሁ፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብሎ ስቆ ወጣ። አንበሳውን እስካሁን አላየነውም፤ የታሰርነው እኛው ነን።

የሳቢት አክርማና ስንደዶ ጣሪያ ነካ። የእኛ ጥጥ፣ ባዘቶና እንዝርት፣ የአባባ መወርወሪያና ቀሰም ደግሞ አለ። መጀመሪያ መሬቱን በከሰል አስምረን ተካፈልነው፤ ልጆቿ በሦስት ቀን በእግራቸው አጠፉት። ኋላ እሷ በበሩ በኩል ያለውን ግድግዳ ያዘች፣ እኔ የጓዳውን። ባዘቶውን በጆንያ አድርጌ ከማገሩ ላይ አንጠለጠልኩ፣ ቀሰሙን በወተት ጣሳ፣ የጥለቱን ክር በዘይት ቆርቆሮ አደረግሁ። መካከሉን ግን ከአባባ የወረስከው ያንተ ጉድጓድ ይዞታል። እግርህን ከትተህ የምትሸምንበት ያ ጉድጓድ የአንድ ሰው መኝታ ይወስዳል። እኔና እማዬ በአንድ አልጋ ተጨናንቀን፣ የሳቢት ልጆች ከአልጋው ሥር ሲተኙ፣ እሱ ብቻውን ሳንቃ ለብሶ ተንፈላስሶ ይተኛ ነበር። እንድፈነው ባልኩ ቁጥር እማዬ፣ ልጄ ሲመጣ እግሩን የት ሊያገባ ነው ትለኛለች።

ለምን እንደምትጠብቅህ ታውቃለህ። መገነዣዋን ራሷ ፈትላ ጨርሳ ነበር፤ አሥራ ሁለት ልቃቂት፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ። አባታችሁ ቢኖር እሱ ይሠራው ነበር፣ አሁን ከልጄ እጅ በቀር የማንም እጅ አይነካውም አለች። ጎረቤታችን ለሜሳ ሸማኔው ያለ ዋጋ ልሥራልዎ ብሎ ቢለምናት እምቢ አለች። አንተም ለፋሲካ እመጣለሁ ብለህ ጻፍክ። ፋሲካ አለፈ። ለመስቀል አልክ፤ እሱም አለፈ። ከሥራ ፈቃድ ከለከሉኝ አልክ፣ አመንን። ጌቱ ግን የማውቅ መስሎት፣ ባለፈው ግንቦት ለጓደኛህ ሠርግ ደሴ ድረስ ወስዶ እንደመለሰህ አወራኝ። ከደሴ ጉለሌ የአንድ ቀን መንገድ ነው፣ ወንድሜ። ለእማዬ አልነገርኳትም።

አሁን ደግሞ የራሴን ጥፋት ስማ። ክረምቱ ገብቶ ጣሪያው ሲያፈስ ፈትሉን የማኖርበት ደረቅ ቦታ አጣሁ። ከሳንቃው ሥር ጠብታ አይደርስበትም ብዬ ልቃቂቶቹን በጨርቅ ጠቅልዬ ጉድጓዱ ውስጥ አስቀመጥኳቸው። ለሳቢት አልነገርኳትም፤ በምድጃ ነገር ተኳርፈን ነበር። እሷም አክርማዋን ቀይ ቀለም የምትነክርበትን ሳፋ የምታሳርፍበት ብታጣ ሳንቃው ላይ አኖረችው። ሳፋው ተደፋ። ስንከፍተው አሥራ አንዱ ቀልቷል። በአመድ አጠብነው፣ በእንዶድ አጠብነው፤ ሳቢት እያለቀሰች ወንዝ ወርዳ አጠበችው፤ ቀለሙ አልለቅ አለ። እማዬ አንዱን አንሥታ አገላብጣ አየችና፣ ነጭ ካልሆነ መገነዣ አይሆንም አለች። ከዚያ ወዲያ እንዝርት በእጇ አልነካችም። በኅዳር ሚካኤል ማግስት አረፈች። ከቀበሌ ሱቅ ተሰልፈን ባመጣነው አቡጀዲ ገንዘን ቀበርናት።

ሳቢትን ረገምኩ፣ ራሴንም ረገምኩ። ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ግን ልቤ ቆረጠ። እሷ ሳፋዋን እዚያ ያኖረችው፣ እኔም ፈትሉን እዚያ የሸሸግሁት ቦታ አጥተን ነው። ቦታውን የያዝክብን አንተ ነህ፤ ሳትመጣም፣ ሳትለቅም።

እንግዲህ ቁርጡን ልንገርህ፤ ጉድጓዱን ደፍኜዋለሁ። ለሜሳ አፈር አመጣልን፣ እኔና ሳቢት ረገጥነው። የቀላውን ፈትል ከታች አድርጌዋለሁ፤ ልሸጠውም ላየውም አልቻልኩም። አሁን የሳቢት ልጆች ይተኙበታል። የአባባን መወርወሪያ በጌቱ እጅ ልኬልሃለሁ። አብራው ያለችው ልቃቂት ከዳር ሆና ቀለሙ ሳይነካት የተረፈችው ናት።

ለሠርካዲስ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ በእሷ ቅሬታ የለኝም። ለሜሳ ሰላም ብሎሃል። በአንተ ፈንታ የእማዬን ዓይን የጨፈነችው ሳቢትም ሰላም ብላሃለች። ማሚቴን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ። ከዚያች ልቃቂት መቀነት ሥራላት። አያትሽ ናት የፈተለችው በላት፤ ለምን እንደፈተለችው ግን አትንገራት።

እህትህ ታየች ጉልላት
ጉለሌ፣ ጥር ፭ ቀን ፲፱፻፸፬ ዓ.ም.