ከእማዬ ጉድጓድ አንድ እፍኝ

ኅዳር 9፣ ሶዶ

ዛሬ ስለ ግሉታሜት ዲካርቦክሲሌዝ አስተማርኩ። ቆጮ የሚያብላሉት ባክቴሪያዎች በዚህ ኢንዛይም ግሉታሜትን ጋባ (GABA) ወደሚባል ንጥረ ነገር ይቀይሩና ራሳቸው የሠሩት አሲድ እንዳይገድላቸው ያለዝቡታል። ይህን እያወራሁ የእማዬ የእንሰት ጉድጓድ ሸተተኝ። አዲሱን ስትቀብር ከአሮጌው አንድ እፍኝ ለእርሾ ትጨምርበት ነበር፤ ጉድጓዱን የምታለብስበትን ኮባ የምይዝላት እኔ ነበርኩ።

ወደ አመሻሹ እህቴ ከጉኑኖ፣ ከእማዬ ቤት ደወለች። «ጉድጓዱን ልንደፍነው ነው። እማዬ ካረፈች ወዲህ ቆጮ ከገበያ ነው የምንገዛው። ለላብራቶሪህ ትንሽ ልላክልህ?»

«ለላብራቶሪ አይደለም፤ እርሾ የሚሆን ላኪልኝ» አልኳት።

ስልኩን ዘግቼ እርሾውን የምቀብርበት ቦታ ፍለጋ ወጣሁ። ግቢውን አምና ጭቃው ሰልችቶኝ ከዳር እስከ ዳር ሲሚንቶ አስደርጌዋለሁ።