በእኔ ስም ጠሩት

ሰኔ 9
ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ሽንኩርት ልገዛ ሄድኩ። ሁለት ጎረምሶች በሞተር ከኋላዬ መጥተው ስልኬን ከጆሮዬ ላይ ነጠቁኝ። አልለቅም ስል ጎተቱኝ... ጉልበቴ ተላጠ። እያወራሁበት ስለነበር አልተቆለፈም።

የልጅ ልጄ ትሕትና፦ “አባባ፣ አሁኑኑ ሲሙን እናዘጋ። ፖሊስ ጋ እናመልክት። ለሚያውቁህ ሁሉ እንንገር።” ነገ አልኳት። ጉልበቴን ነው የሚያመኝ፣ ሲሜን መች አመመኝ?

ሰኔ 10
ሌባው በዚህ በሰው አገር አማርኛ ይጽፋል። እኔን ሆኖ። ለእህት አባይነሽ “ታስሬያለሁ፣ ብር ላኪልኝ” አላት። ከቸርች ስትመለስ ነገረችኝ። “ጋሽ ግዛው ደግሞ ጀመሩ ብዬ ዝም አልኩ።” ቀልደኛ መሆን ለካ ይጠቅማል...

በትሕትና ስልክ ጻፍኩለት። “ልጄ፣ ስሜን ከወሰድክ ሪሄንም ውሰድልኝ።”
“አንገትህን ነው የምቆርጠው።”
“በየትኛው ቢላ? እሱንም ሰርቀህ ነው?”
ተሳደበ። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ትሕትና አልሳቀችም። “ዛሬስ አታዘጋም?” እንዲህ ያለ ጨዋታ ከየት ላገኝ?

ለገብረመድኅንም እንዳትነግሪው አልኳት። አርባ ዓመት ያበሸቀኝ ጓደኛ ነው። ሌባው ይጻፍለትና ትንሽ ይደንግጥ። እሑድ እንስቅበታለን።

ሰኔ 11
ዛሬ ሌባው ዝም አለ። ምን ነካው? ደበረኝ።

ሰኔ 12
ገብረመድኅንን ወጉት።

ሌባው በእኔ ስም ጽፎለታል። “ይዘውኛል። ሊገድሉኝ ነው። ያለህን ይዘህ ብቻህን ድልድዩ ጋ ና።” ሄደ። ቀልድ ነው አላለም።

እዚያ ሻይ የምትሸጠው አቡክ ጋምቤላ ስላደገች አማርኛ ታውቃለች፣ ሁሉንም ሰምታለች። ገንዘቡን አምጣ ሲሉት “መጀመሪያ ግዛውን አሳዩኝ” አለ። በብረት ፊቱን መቱት። “ግዛው የታለ?” ሆዱን በጩቤ ወጉት። መሬት ላይ ሆኖም ይጠይቅ ነበር አለችኝ።

ስደርስ እሱን ሆስፒታል ወስደውታል። ደሙ አሸዋው ላይ ነበር። ሳላየው ረገጥኩት።

ሰኔ 13
ሲሙን አዘጋሁ። ፖሊስ ጋ አመለከትኩ። ቸርች ውስጥ ፊት ቆሜ “በስሜ የሚጽፍላችሁ እኔ አይደለሁም” አልኩ። ከኋላ የተቀመጡት ሳቁ። ገና ቀልድ መስሏቸው...

ገጀራ ገዛሁ። ማንን ልመታበት? ፊቱን እንኳ አላየሁም። ቦዳ የሚሉትን የሞተር ታክሲ የሚነዳው ጎረቤታችን ጋትዌች በር ላይ ያዘኝ።
“አባባ፣ ይሄን ይዘህ ብትወጣ ቀድመህ የምትሞተው አንተ ነህ።”
ነከስኩት። እጁ ደማ። ገጀራውን ግን ቀማኝ።

ሰኔ 16
ገብረመድኅን ነቃ። ሁለቱም ዓይኖቹ በፋሻ ታሽገዋል።
“ማነው?”
“ግዛው ነኝ።”

ስርቆቱን ሆን ብዬ እንደደበቅኩት ልነግረው ነበር የሄድኩት። አፌን ስከፍት እጁን ዘርግቶ ፊቴን ያዘ። ግንባሬን ዳሰሰ... አፍንጫዬን... መንጋጋዬን።
“የት ጋ መቱህ?” አለኝ።
አንድ ጭረት እንኳ አጣ። እጁ ጉንጬ ላይ ቆመ።

ነገርኩት። ሁሉንም፣ ሳልቀልድ።

እጁን ከፊቴ ላይ አነሳ።