ከዲስኩ የተረፈው ምርቃትህ

አባዬ፣

ከተለየኸን ሦስተኛው ክረምት ገባ። የሲያትልን ክረምት ታውቀዋለህ፤ ዝናቡ አይጮህም፣ አያባራም። «ይሄ ዝናብ አይደለም፣ ማልቀስ የማያውቅ ሰው ለቅሶ ነው» ትል ነበር። ዛሬም እንደዚያው ነው። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ ነው የምጽፍልህ።

መጀመሪያ ስለ ቤቱ ልንገርህ። እማዬ ደህና ናት። ፌደራል ዌይ ከተማ አንዲት ፈረንጅ አሮጊት ትንከባከባለች። አሮጊቷ ጆሯቸው አይሰማም፣ እማዬ ደግሞ እንግሊዝኛ አትደፍርም፤ ስለዚህ በጣም ተስማምተዋል። እማዬ በአማርኛ ታወራቸዋለች፣ እሳቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ታላቅ እህቴ ሮማን አግብታለች። አዎ፣ ዳዊትን። ኬንት ከተማ ቤት ተከራይተው ገብተዋል፤ እሱ አሁንም መጋዘን ውስጥ ነው የሚሠራው፣ አሁንም ሲያወራ መሬት መሬት ያያል። እኔ ተመርቄያለሁ። ጥቁሩን ካባ ለብሼ የተነሳሁትን ፎቶ እማዬ ካንተ ፎቶ አጠገብ ሰቅላዋለች። ለጊዜው አንድ ትንሽ ቢሮ ውስጥ የሰው ኮምፒውተር እጠግናለሁ፤ ግን እዚያ አልቆይም አባዬ፣ ብዙ ሐሳብ አለኝ፣ ማመልከቻ እንደ ዘር እበትናለሁ። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ስትለኝ ይሰማኛል።

የጻፍኩልህ ግን አንተ ለሠርግ ስለ ቀዳኸው ምርቃት ነው።

ኮምፒውተሩን ያመጣህበት ቀን ትዝ ይልሃል? ከምትሠራበት ፓርኪንግ በላይ ያለው ቢሮ ዕቃውን ሲቀይር አሮጌውን ሰጡህ። የመኪናው የኋላ ወንበር ላይ አስቀምጠህ ቀበቶ አስረህለት መጣህ። ጋሼ ተፈራ፣ የሥራ ባልደረባህ፣ ከፊት ተቀምጦ እስከ ቼሪ ጎዳና ድረስ «ይሄ ሰውዬ ለኔ እንኳን ቀበቶ እሰር ብሎኝ አያውቅም» እያለ ሲያማህ ነበር የመጣው። ከዚያ ማይክራፎን ገዝቼ ሳስገባልህ እንደ ልጅ ሆንክ። መጀመሪያ የቀዳኸው ሳልህን ነው። ቀጥሎ «ሃሎ፣ ሃሎ፣ እዚያ ማን አለ?» ብለህ ራስህን ጠይቀህ፣ መልሰህ ስትሰማው እንባህ እስኪመጣ ሳቅክ።

ሐኪሞቹ ብዙ እንደማትቆይ ከነገሩህ በኋላ አንድ ቅዳሜ ሁላችንንም ገበያ ላክኸን። ስንመለስ በሩ ተዘግቶ ነበር። ስትወጣ ላብ አጥምቆሃል፣ ፊትህ ግን በርቷል። የሮማንን የሠርግ ምርቃት ቀድቻለሁ አልክ። ሠርጉ ላይ ካለሁ በራሴ አፍ እመርቃታለሁ፣ ከሌለሁ ይሄን አሰሟት አልክ። ጋሼ ተፈራ ካሴት እያለ ምን ያደክምሃል ብሎ ተቆጣህ። አንተ ደግሞ ካሴትን ማጫወቻው ይበላዋል፣ ይሄ ግን አንዴ ከያዘ ያዘ ነው ብለህ ሣጥኑን በመዳፍህ ጠበጠብከው። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቅከን፤ ከሠርጉ በፊት ማንም እንዳይሰማው። «ምርቃት አስቀድሞ አይቀመስም» አልክ። ኪስ በምትገባው በትንሿ ፍሎፒ ዲስክ ኮፒ ላደርገው ሞክሬ ነበር፤ ድምፅህ ከዲስኩ በለጠና አልገባም አለ። ስለዚህ በዓለም ላይ ያለው አንድ እሱ ብቻ ነበር፤ ካንተ በቀር የሰማው ሰውም አልነበረም።

አንተ የሄድክ ዕለት ኮምፒውተሩ እንደበራ ነበር። ለቅሶ ቤት እንደሚደረገው እማዬ ቴሌቪዥኑን በነጠላ ሸፈነችው። ኮምፒውተሩን ደግሞ ባንተ ጋቢ፣ ከላይ እስከ ታች፣ እንደሚበርደው ሰው ጠቅልላ ሸፈነችው። ሊያጠፋ እጁን የሰደደ ዘመድ ነበር፤ «እሱ የከፈተውን እኔ አልዘጋም» አለችው። ከዚያ በኋላ ማን ደፍሮ ይነካዋል? ሰልስቱ አለፈ፣ አርባው ወጣ፣ ነጠላው ከቴሌቪዥኑ ተነሳ። ጋቢው ግን እዚያው ቀረ። ከሥሩ ያ የምናውቀው የኮምፒውተሩ ድምፅ፣ ዝግ ያለ እንደ ትንፋሽ ያለ ድምፅ፣ ቀንም ሌትም ይሰማ ነበር። እማዬ ቤቱ ውስጥ ሰው ያለ ይመስለኛል ትል ነበር።

ሙት ዓመትህ ካለፈ በኋላ የዳዊት ሽማግሌዎች መጥተው የሠርጉ ቀን ተቆረጠ። ሮማን ቀሚስ ሳትለካ፣ አዳራሽ ሳታይ፣ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ድምፅህን ነው። ጋቢውን ገለጥኩ። ሣጥኑ እንደ ካውያ ይፋጃል። ፋይሉን ኮፒ ላደርግ ስሞክር ከውስጡ ቀጭ አለ። ቆየና እንደገና፣ ቀጭ፣ ቀጭ። አባዬ፣ አንተ እንዴት እንደሚሠራ ደጋግመህ ስለጠየቅኸኝ ታውቀዋለህ፤ ውስጡ ሃርድ ዲስክ የሚሉት፣ እንደ ሙዚቃ ሸክላ የሚዞር ሳህን አለ፣ ከላዩ የሚያነብ መርፌ የመሰለ ነገር አለ። ያ መርፌ ነው የሚፈልገውን አጥቶ ወዲያ ወዲህ የሚላተመው። ያን ድምፅ ቢሮ ውስጥ ሰምቼዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ዲስኩ አይነሳም። ወዲያው አጠፋሁት።

እማዬ ከወጥ ቤት እጇን እየጠረገች ወጣች። «ምነው ዝም አለ?» አለች።

ዲስኩ እንደታመመ ነገርኳት። ቀርባ መዳፏን ሣጥኑ ላይ አሳረፈች፣ ቶሎም አነሳች። ጋቢውን አየችው። ከዚያ ጥግ ጥጉን ይዛ አጠፈችው፣ እንደገና አጠፈችው፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተተችው። እኔ ነኝ አፍኜ የገደልኩት አለችኝ። ዕቃ ነው እማዬ፣ ዕቃ ያረጃል አልኳት። እንዳላመነችኝ አውቃለሁ፤ ላንተ ግን አልዋሽህም። አፍናዋለች። እንዳይበርደው ብላ ነው ያፈነችው።

የተበላሸ ዲስክ ከፍተው የሚያነቡ ሰዎች ካሊፎርኒያ አሉ ተባልኩ። ደወልኩ፤ ዋጋቸውን ሲነግሩኝ አመስግኜ ዘጋሁ። በሥራ ቦታዬ ያሉትን ጠየቅሁ፣ ያገኘሁትን መጽሔት ሁሉ አነበብኩ። አንዱ ፍሪጅ ውስጥ አስገቢው ይላል፣ አንዱ እርጥበቱ ያበላሸዋል፣ እንዳትሞክሪው ይላል። በመጨረሻ በገዛ ራሴ ያስተዋልኩትን ያዝኩ፤ ዲስኩ ሲቀዘቅዝ ትንሽ ያነባል፣ ሲሞቅ ይጮሃል። ቅዝቃዜ ደግሞ በሲያትል ክረምት በነጻ ነው።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ዲስኩን አውጥቼ ከራሴ ኮምፒውተር ጋር በሽቦ አያያዝኩት። ዝናቡ እንዳይነካው ከመስኮቱ ገባ አድርጌ፣ መስኮቱን ወለል አድርጌ ከፈትኩ። እማዬ ካፖርቷን ደርባ፣ ሻርፕ ጠምጥማ፣ ወንበር ይዛ መጣች። ሌላ ክፍል ግቢ፣ ይበርድሻል ብላት አልሰማ አለች። አንድም ነገር አልጠየቀችኝም፤ ዲስኩን ብቻ ታየዋለች፣ ሐኪም ቤት አልጋህ አጠገብ ተቀምጣ ታይህ እንደነበረው።

ትንሽ ያነባል፣ ቀጭ ሲል አጠፋዋለሁ፣ ቀዝቃዛው አየር ይነካዋል፣ እንደገና አስነሳዋለሁ። እንዲህ እያልን አብዛኛው ድምፅህ ወደኔ ተሻገረ። ደስታዬን መያዝ አቅቶኝ ነበር። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ይሄን ማንበብ አልቻልኩም፣ ላቋርጥ፣ ልድገመው ወይስ ልለፈው ብሎ ኮምፒውተሩ ጠየቀኝ። ድገመው አልኩት። ያንኑ ጥያቄ መለሰልኝ። ድገመው። አሁንም ያው። አቀዘቀዝኩት፣ ድገመው አልኩት፣ አጠፋሁት፣ አስነሳሁት፣ ድገመው አልኩት። ድምፁ እየከፋ መጣ። በደገምኩት ቁጥር መርፌው ያልተነበበውንም እየፋቀው ሊሆን እንደሚችል አውቃለሁ፤ ግን እለፈው ማለት አቃተኝ። አባቴን በየት በኩል ነው የምቆርጠው?

እማዬ ምን እያለሽ ነው አለችኝ። ነገርኳት። ከዚህ በኋላ ያለውን ላትርፍ ካልኩ ይቺን ቦታ መተው አለብኝ፣ ይቺን እይዛለሁ ካልኩ ደግሞ ሁሉም ሊሄድ ይችላል አልኳት። ብዙ አላሰበችም። እሷ ይሄን ጥያቄ ቀደም ብላ ጨርሳው ነበር መሰለኝ።

«እለፊው ልጄ» አለች። «የሄደው ሄዷል። ያለውን አምጪልኝ።»

አለፍኩት። የቀረው ሁሉ እስከ መጨረሻው መጣ። ዲስኩ ከዚያ ወዲህ አልተነሳም።

ትእዛዝህን አላፈረስኩም፣ አልሰማሁትም። ድምፁን ዘግቼ ኮምፒውተሩ ከድምፅህ የሚስለውን ሥዕል ብቻ ስክሪን ላይ አየሁት። ስትናገር እንደ ኮረብታ ይነሳል፣ ዝም ስትል ሜዳ ይሆናል። ኮረብታ፣ አጭር ሜዳ፣ ኮረብታ፣ አጭር ሜዳ። እነዚያ አጫጭር ሜዳዎች ምን እንደሆኑ ወዲያው ገባኝ፤ ሰው አሜን የሚልበትን ቦታ ትተህ ነበር። ብቻህን፣ በተዘጋ ክፍል፣ የሌሉ ሰዎችን አሜን እየጠበቅህ። ወደ መጨረሻው ግን አንድ ረጅም ሜዳ አለ፣ አንተ ያልተውከው። ምን እንደነበረበት አላወቅሁም።

ፌደራል ዌይ የተከራየነው የሠርግ አዳራሽ የነበረው የካሴት ማጫወቻ ብቻ ስለሆነ ድምፅህን ወደ ካሴት ገለበጥኩት። ጋሼ ተፈራ ይሄን ሲሰማ ምን እንደሆነ መገመት አያቅትህም። አላልኩትም ወይ፣ አላልኩትም ወይ እያለ ያገኘውን እንግዳ ሁሉ በየተራ አስቆመ። ማጫወቻውን የምነካው እኔ ነኝ ብሎም ካሴቱን ከእጄ ወሰደ።

ሮማንና ዳዊት የእማዬን ጉልበት ሊስሙ ተንበረከኩ። ላንተ የተተወው ባዶ ወንበር አጠገቧ ነበር። ጋሼ ተፈራ ቁልፉን ተጫነ። መጀመሪያ ሳልህ መጣ።

«ሮማኔ» አልክ። «ፈጣሪ ቤትሽን የሰላም ያድርገው» አልክና ዝም አልክ።

ማንም አልመለሰም። ሰው ደንግጦ ነበር። ከዚያ የእማዬ ድምፅ ብቻውን አሜን አለ። አንተ ሁለተኛውን ምርቃት ስትል አዳራሹ ሁሉ መለሰልህ። ጎጇችሁ ይሙቅ አልክ፣ አሜን። እንደ አብርሃምና እንደ ሣራ ያድርጋችሁ፣ አሜን። ክፉ አይንካችሁ፣ ደጉን አያጥፋባችሁ፣ አሜን። ዳዊትን ቀና ብሎ እንዲናገር መረቅኸው፣ ሰው በእንባው መካከል ሳቀ። እኔ ግን ሥዕሉን በልቤ እየቆጠርኩ ነበር። ረጅሙ ሜዳ እየቀረበ እንደሆነ አውቅ ነበር።

«ታናሽ እህትሽ ምሕረት ደግሞ» አልክ። «የኔ ችኩል፣ አንቺን ደግሞ…»

ከዚያ ምንም የለም።

አባዬ፣ የኔ ነበር። የተውኩት፣ እለፈው ያልኩት፣ የኔ ነበር። ሮማን አንገቷን አዙራ አየችኝ። ጋሼ ተፈራ የተበላሸ መስሎት እጁን ወደ ማጫወቻው ሰደደ፤ እማዬ እጇን ከፍ አድርጋ ከለከለችው። ሰዉ ግን የሆነውን አላወቀም። አንተ ዝም ስትል እንደለመደው ሁሉ፣ በአንድ አፍ፣ ከሁሉም በላይ ጮክ ብሎ «አሜን» አለ። ዝምታው ቀጠለ። እንደገና «አሜን» አሉ፣ አሁን ዝግ ብለው። ከዚያ ድምፅህ ተመለሰ፣ «…እስከ ልጅ ልጅ። አሜን በሉ» አለ። አሉልህ።

ከዚያ ወዲህ ሁሉም የየራሱን ይገምታል። ሮማን «ባል ይስጥሽ» ነው ያለው ትላለች። ጋሼ ተፈራ «አደብ ይስጥሽ» ነው እንጂ ሌላ ምን ሊልሽ ይችላል ይለኛል። እማዬ አትገምትም። አሜን ተብሎበታል፣ ይበቃሻል ትለኛለች። መጀመሪያ ሰሞን በጣም አለቀስኩ፣ አልደብቅህም። አንድ ጊዜ ብቻ ደግሜው ቢሆን እያልኩ አሰብኩ። አሁን ግን ሌላ ነገር ይመጣብኛል። ሌሎቹ የተመረቁትን ያውቃሉ፤ እኔ አላውቅም። ስለዚህ መልካም ነገር በሩን ባንኳኳ ቁጥር፣ ሥራ ሆነ፣ ወዳጅ ሆነ፣ ወይ እንዲሁ በዝናብ መሐል ብልጭ ያለ ፀሐይ፣ ይሄ ይሆን ያለኝ ብዬ እጠይቅሃለሁ። መልስ ስለማትሰጠኝ ፍለጋዬን አላቆምም።

ገና ወጣት ነኝ አባዬ፣ ብዙ ነገር ይመጣል። የመጣውን ሁሉ ያንተ ነው ብዬ እቀበለዋለሁ፤ በተቀበልኩትም ቁጥር ስምህን ጠርቼ አሜን እላለሁ።

ልጅህ ምሕረት